ሥዕል ስለ መስቀልና ስለ ደረቅ ግድግዳ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንዲት ትንሽ የቤት ሥራ ነው። ይኸውም ሥዕልን ወይም ፎቶግራፍን በሲሚንቶ ልስን ወይም በኮንክሪት ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል ነው። ነገሩ እጅግ ጥቂት መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ቤት ከግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሌላ ቅጂ የሌለው የሟች አባት ወይም የሟች እናት ፎቶግራፍ ነው፤ ወይም የልጅ የምረቃ ዕለት መታሰቢያ ነው፤ በክርስቲያኑ ቤት የእመቤታችን ሥዕል፥ በሙስሊሙ ቤት የካዕባ ሥዕል ነው። ይህ በሌሊት ወድቆ መስተዋቱ ሲደቅ፥ ከሥሩም ሕፃን ተኝቶ ቢገኝ፥ ነገሩ ጥቂት መሆኑ ይቀራል።

ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ማለት ወደ ቦረና፥ ወደ ሳይንት፥ ወደ ወግዲና ወደ ለጋምቦ የሄደ ሰው የቀድሞውን ቤት አሠራር ያውቃል። ግድግዳው በእንጨት ተማግሮ ወይም ድንጋዩ በጭቃ ተክቦ ይሠራል፤ ጭቃውም ከጭድ ጋር ተረግጦ ከቦካ በኋላ ይመረጋል። ባለቤቱም የወይራ ወይም የጽድ እንጨት ጠርቦ፥ ጭቃው እርጥብ ሳለ፥ ጫፉን ጥቂት ወደ ላይ ቀና አድርጎ ከግድግዳው ውስጥ ያስገባዋል። ኩላብ የሚባለው ይህ ነው። አገልግሉ፥ ቅሉ፥ ስልቻው፥ የክት ልብሱ ሁሉ በዚያ ላይ ይሰቀላል። ግድግዳው በደረቀ ጊዜ ኩላቡ የግድግዳው አካል ይሆናል እንጂ እንግዳ ሆኖ አይቆይም።

ዛሬ ግን በመካነ ሰላም ከተማ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ የብሎኬትና የሲሚንቶ ቤት በዝቷል። ይህ መልካም ነው፤ ቤቱ ጽዱ ነው፥ ምስጥም አይበላውም። ነገር ግን ግንበኛው ግድግዳውን አሳምሮ ለስኖ ቁልፉን ሲያስረክብ፥ ሥዕሉ በምን እንደሚሰቀል ያሰበ ሰው የለም። ባለቤቱ አንድ ምስማርና አንድ መዶሻ ይዞ ይመጣል። ምስማሩ ይጎብጣል። ሁለተኛ ምስማር ያመጣል፤ እርሱም ይጎብጣል። በሦስተኛው አጥብቆ ሲመታ ልስኑ እንደ ሸክላ ተገምሶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን በወረቀት ወትፎ ሥዕሉን ይሰቅልና ሥራው አለቀ ይላል። የሚወድቀውም ይኸው ሥዕል ነው።

ምክንያቱን እንመርምር። ምስማር በእንጨት ውስጥ ሲገባ የእንጨቱን ክሮች ገፍቶ ያልፋል፤ እነርሱም መልሰው ይጨብጡታል። ሲሚንቶ ግን እንዲህ ያለ ክር የለውም። ሲጫኑት እጅግ ብርቱ ነው፤ ሲሰነጥቁት ግን ደካማ ነው። ምስማሩ ያለፈበትን ሁሉ ዱቄት ያደርገዋል፤ ዱቄትም ምስማርን ሊይዝ አይችልም። ከዚህም በላይ ልስኑ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከሁለት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ አጭር ምስማር የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን ልስኑን ብቻ ነው። እንግዲህ የጎደለው የክንድ ኀይል አለመሆኑን ልብ በሉ፤ የጎደለው በምስማሩና በግድግዳው መካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር ነው።

የአውሮፓ ሠራተኞችም በቀድሞ ጊዜ በዚሁ ችግር ነበሩ። ግድግዳውን በመሮ ፈልፍለው የእንጨት ሽብልቅ ከቀረቀሩ በኋላ፥ ምስማሩን በሽብልቁ ላይ ይመቱ ነበር። በ1911 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጆን ጆሴፍ ሮውሊንግስ የተባለ እንግሊዛዊ በእንጨቱ ፈንታ ከቃጫ የተሠራ ትንሽ መሰኪያ አወጣ። በ1958 ደግሞ አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ይህንኑ ከናይለን ሠራው። በየሱቁ «ፊሸር» እየተባለ የሚሸጠው መሰኪያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ብሎኑ ሲገባበት ጎኑ ይነፋና ቀዳዳውን ከውስጥ ይጨብጣል። ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ፊሸር ማለት የኩላብ ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ።

በመጀመሪያ ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ኮንክሪት ወይም ድንጋይ ነው። ባዶነት ያለው ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። እንደ ከበሮ ቢያስተጋባና ልስኑ ቢነቃነቅ ግን ልስኑ ከግድግዳው ለቋልና በዚያ ላይ ምንም አትስቀሉ፤ አስቀድሞ ይጠገን። ከማብሪያና ከማጥፊያ ወይም ከሶኬት በላይና በታች ባለው መስመር ላይም አትብሱ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዚያ ያልፋልና የሥዕሉ ነገር ቀርቶ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ሁለተኛ፥ መስተዋት ላለው መካከለኛ ፎቶግራፍ በ6 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ መብሳት ይበቃል። ለትልቅና ለከባድ ግን 8 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ፊሸሩ በሙሉ ልስኑን አልፎ ከዋናው ግድግዳ ውስጥ መግባት አለበት። ልስኑ 2 ሳንቲ ሜትር፥ ፊሸሩ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ቀዳዳው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ብሎኬት ሲሆን ትራፓኖው እየዞረ ብቻ ይብሳ፤ እየመታ የበሳ እንደ ሆነ ስስ የሆነው የብሎኬቱ ገጽ ይፈርሳል። በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ሲሆን ግን መምታቱ ያስፈልጋል፤ ፌሮ ቢያጋጥማችሁ ከብረቱ ጋር አትታገሉ፥ ጥቂት ዘወር ብላችሁ ብሱ።

ሦስተኛ፥ ቀዳዳውን ከዱቄቱ አጽዱ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ዱቄት ባለበት ቀዳዳ ፊሸሩ ይንሸራተታል። ከዚያም ብሎኑን በካቻቢቴ አጥብቁ።

አራተኛ፥ በሥዕሉ ጀርባ ያለው ሽቦ እንደ ክራር ጅማት አይወጠር። ሽቦው በተወጠረ መጠን በራሱም በክፈፉም ላይ የሚያርፈው ኀይል ይበዛል፤ ጥቂት ረገብ ያለው ግን ሸክሙ ይቀለዋል።

በየገጠሩ ትራፓኖም ኤሌክትሪክም የሌለው ሰው፥ ይህ ለእኔ አይሆንም ብሎ ተስፋ አይቍረጥ። በመሮና በመዶሻ ቀስ እያለ አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ይፈልፍል፤ ከወይራ ወይም ከጽድ ሽብልቅ ጠርቦ ይቀርቅርበት፤ ምስማሩንም በእንጨቱ ላይ ይምታ። እንጨቱ ግን ፈጽሞ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ከገባ በኋላ እየደረቀ ይኮማተርና ይላላል፤ ዛሬ የጠበቀው ከሁለት ወር በኋላ በእጅ ይነቀላል።

ግድግዳውን በብዙ ቦታ ሳይበሱ የሚሠሩበት መንገድም አለ። ከጣሪያው ሥር ረጅም ጣውላ በጥቂት ቦታ ብቻ አጥብቆ መትቶ፥ ሥዕሎቹን ሁሉ ከዚያ በሽቦ ማውረድ ይቻላል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ደግሞ በጎንደርና በጣና ደሴቶች በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን በጥጥ ሸማ ላይ ሥለው ሸማውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀውታል። ምስማር ሳይነካው ለብዙ መቶ ዓመት የቆየ ሥዕል ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ደጋው አየር አንድ ቃል ልጨምር። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ይበልጣል፤ ክረምቱም ብርቱ ነው። ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ እርጥበት ስለሚያሳልፍ ፎቶግራፉ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፥ ይሻግታልም። ስለዚህ የከበረውን ፎቶግራፍ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ከክፈፉም ጀርባ በታች ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ትንንሽ የእንጨት ቁራጭ ለጥፉ፥ ነፋስ እንዲያልፍበት። ፀሐይም በቀጥታ አይምታው፤ ቀለሙን ትመጠዋለችና።

አድማጮቼ ሆይ፤ እስከ አሁን የተናገርሁት ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ስለሚደረገው ነው። ቤት ገና የምትሠሩ ግን ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር ያዙ። ልስኑ ከመለሰኑ በፊት ግንበኛውን ጠርታችሁ፥ «ሥዕል የምንሰቅለው በዚህና በዚህ ነው» ብላችሁ አሳዩት፤ በዚያም ቦታ የደረቀ እንጨት በግንቡ ውስጥ ያስቀርላችሁ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። አባቶቻችን ጭቃው እርጥብ ሳለ ኩላቡን ያስገቡ የነበሩት፥ ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አለመሆኑን፥ በውስጡም የሚከበር ነገር እንደሚሰቀል አስቀድመው ስላሰቡ ነው። ጭቃው በሲሚንቶ ቢለወጥም አሳቡ የሚለወጥበት ምክንያት የለም።