አሮጌ ማጠቢያ መኪና ስለ ማደስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የእጅ ሥራ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ልብስ አጣቢ ልትሆኑ ነውን?» እያሉ ስቀውብናል። ማጠቢያ መኪና ሲባል በአዲስ አበባ የልብስ ማጠቢያ መሆኑ አያጠራጥርም። በእኛ አገር ግን፥ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፥ ከበበቃ እስከ ሸኮ፥ «ማጠቢያ» ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ቡናን ነው። ስለዚህ ስለ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እንናገራለን፤ ይልቁንም ስለ ቡናው ማጠቢያ እናበዛለን፤ እጃችንን ያስገባንበት እሱ ነውና።

አሮጌ ማጠቢያ መኪና እየፈለጉ ማደስ በውጭ አገር ብዙ ሰዎች ለመዝናኛ የያዙት ሥራ ነው። እንደ ቴምብር መሰብሰብ ያለ ነው፤ ልዩነቱ ቴምብር አለመክበዱ ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ኢተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሊ ማክስዌል የተባሉ የቀድሞ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ የልብስ ማጠቢያዎች ሰብስበው፥ የተሰበረውን ጠግነው፥ የጐደለውን ሞልተው ቤተ መዘክር አቋቁመዋል።

የእነዚህን መኪናዎች ታሪክ ስናነብ ደስ ያሰኘን የብዙዎቹ አያቶች የገበሬ ዕቃዎች መሆናቸው ነው። የጀርመኑ ሚኤለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲቋቋም መጀመሪያ የሠራው ቅባትን ከወተት የሚለይ መኪና ነበረ፤ ቀጥሎ የቅቤ መናጫ ሠራ፤ ከዚያም የመናጫውን በርሜል አሻሽሎ ልብስ ማጠቢያ አደረገው። እናቱ ቅሉን ስትንጥ እያየ ላደገ ልጅ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ መናጥና ማጠብ ለእጅ አንድ ዓይነት ድካም ናቸው። የአሜሪካው ሜይታግ ደግሞ የእርሻ መሣሪያ ሲሠራ ቆይቶ የእርሻው ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወራት ሥራ እንዳይታጣ በ1907 ወደ ልብስ ማጠቢያ ገባ። ኤሌክትሪክ ላልደረሰው ገጠርም ከ1914 ወዲህ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ገጠመለት፤ የኋለኞቹ ሞተሮች በእግር ተረግጠው የሚነሡ ነበሩ። ከበርሜሉ በላይ ሁለት የጎማ መዳመጫዎች አሉ። ጥጥ እንደሚዳመጥ ሁሉ እርጥቡ ልብስ በመካከላቸው ሲያልፍ ውሃው ይጨመቃል። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን ይህችን መኪና በዓይናችን ለማየት በጣም እንመኛለን።

እስከዚያው ድረስ ግን የራሳችን አሮጌ መኪና አለችን። ከክበባችን አባላት የአንዱ አያት ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት የቆየች፥ በእጅ የምትዞር የቡና መፈልፈያ ናት። ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ሊወስዳት ከደጅ ከቆመ በኋላ ነው ለክበባችን የተሰጠችው።

በአካባቢያችን አብዛኛው ቡና እንደ ተለቀመ ከነልጣጩ በአልጋ ላይ ይሰጣል፤ ደርቆም ጀንፈል ይባላል። የታጠበ ቡና ግን መንገዱ ሌላ ነው። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን ልጣጩ ይገፈፋል፤ ፍሬው በማብላያ ገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀት አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከላዩ ያለው ዝልግልግ ሲለቅ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። መድረሱንም በእጅ ዘግኖ በማሸት ያውቁታል፤ ማዳለጡን ትቶ እንደ ጠጠር ኮስኮስ ሲል ደርሷል ማለት ነው። ይህ ሥራ በአገራችን ማጠቢያ ጣቢያዎች እየተስፋፋ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች ያሉት መፈልፈያዎች በሞተር የሚዞሩ ትልልቆች ናቸው፤ የእኛዋ የእነሱ ታናሽ እኅት ናት፤ አሠራሯም ያው ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ከላይ እንደ እንቅብ የሰፋ አፍ አላት። እሸቱ ከዚያ ወርዶ በጎኑ ትንንሽ ጉብታዎች ከሞሉበት የብረት ሰሐን ላይ ይደርሳል። ሰሐኑ ሲዞር ጉብታዎቹ እሸቱን ከፊቱ በቆመው ጠርዝ ላይ ያሹታል፤ ሁለቱ ፍሬዎች ከልጣጩ ፈንጠር ብለው ይወጣሉ። በሰሐኑና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት ለፍሬው ጠባብ፥ ለልጣጩ ግን በቂ ነው። ልጣጩ ተጐትቶ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ፍሬው ማለፍ አቅቶት ወደ ፊት ይወርዳል። ጥበቧ ሁሉ በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው፤ ሌላው እጀታና መቆሚያ ነው።

ወደ እድሳቱ እንግባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድም ቡሎን አልፈታንም። ዝገት የያዘውን ዳዶ በጕልበት የሚያዞር ሰው ቡሎኑን ይቆርጠዋልና በየማታው ላምባ እየቀባን ጠበቅነው። (ቡሎን፥ ዳዶ፥ ኩሽኔታ፥ ግራሶ፤ የመካኒኮቻችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልነው።) ከዚያ በኋላ እየፈታን እያንዳንዱን ዕቃ በካርቶን ላይ በየተራው አኖርን፤ የወጣበትንም ቦታ በደብተር ላይ ሣልን። ሥዕሉን ትምህርት ቤት ውስጥ ከሠራናቸው ሥዕሎች ሁሉ ይበልጥ ተጠንቅቀን ነው የሠራነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግን። ሰሐኑን ግን በሞረድ አልነካነውም፤ ጉብታው ካነሰ ልጣጩን አይጐትትም፥ ከሾለም ፍሬውን ይቆርጣል።

መልሰን ከገጠምናት በኋላ ክፍተቷን ማስተካከል ብቻ ሦስት ቅዳሜ ወሰደብን። አንድ እፍኝ እሸት እንጨምርና በፊትም በኋላም የሚወጣውን እንቈጥራለን። ከልጣጩ ጋራ ፍሬ ካለፈ ሰፍቷል፤ በፊት በኩል የተቀጠቀጠ ፍሬ ከታየ ጠብቧል። የቆሰለ ፍሬ በገንዳው ውስጥ ይበላሻል፤ የስኒውንም ጣዕም ያበላሻል። ስለዚህ ማስተካከያውን ሩብ ዙር እያዞርን እንደገና እንሞክራለን። አረንጓዴው እሸት ግን ክፍተቱን ምንም ብናስተካክል እሺ አይልም፤ ልጣጩ አይለቅም። ቀዩን ብቻ ልቀሙ የሚለውን ትእዛዝ ከቤት ሆነን ስንሰማው የአዋቂዎች ንዝንዝ ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል፤ ወላጆቻችንም በዚህ በኩል ጆሮአችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን።

መዘውሩን ከዘንጉ ጋራ የሚያስረው ሽብልቅ ጠፍቶ ነበር። ያለ እሱ እጀታው ቢዞርም ሰሐኑ አይዞርም። በሚዛን ገበያ ፈለግን፤ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄድን። እኒህ ሰው፥ እኛ አባባ የምንላቸው፥ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ በጥፍራቸው አንኳኳት። ድምፅዋን ሰምተው አካሏ በመዶሻ የተሠራ ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ ጊዛ መሆኑን ነገሩን፤ በመዶሻ ብትመቷት እንደ ገል ትሰነጠቃለች ብለው አስጠነቀቁን። ሽብልቁን ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሠሩልን። ያለ ሜትር፥ ያለ ካሊፐር፥ አንድ ጊዜ በጣታቸው ለክተው፥ ወናፉን እኛው እየነፋን ሠሩት። አገባቡን በብርሃን ፊት ይዘን ብናየው መካከሉ ወረቀት አያስገባም።

በአካባቢያችን ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ሰው ጋራ አንድ ማዕድ የማይቆርሱበት ዘመን እንደ ነበረ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ርዝራዡም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ሆኖም ከእኛ መካከል አንዱ ልጅ ወናፍ ሲነፋ ታይቶ ቤቱ በገባ ጊዜ፥ «ለዚህ ነው ወይ ያስተማርንህ?» ተብሎ ምሳው ተለይቶ ቀርቦለታል። ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እናቱም ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፥ እንድንናገረውም ፈቅደውልናል። ኋላም ሽብልቁን በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አይተውታል።

እኛ የምናስበው እንዲህ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ሽብልቅ፥ ስለ መዘውርና ስለ ሰበቃ በፊዚክስ ትምህርት ተምረናል፤ በፈተናም ማርክ አግኝተንበታል። ሽብልቁን መሥራት የሚችለው ሰው ግን ከከተማው ጠርዝ ተቀምጦ ማረሻና ቢላዋ ሲጠይቁት ብቻ የሚታሰብ ነው። የአሮጌ መኪና ጨዋታ እኛንና እሳቸውን በአንድ ዱካ ላይ አስቀመጠን። ሌላ ምክንያት ባይኖረን እንኳ ክበባችን እንዲቀጥል የምንፈልገው ለዚሁ ነው። የሚመጣው ዓመት ተማሪዎች እሳቸውን በክፍል መጥተው እንዲያስተምሩ ቢጋብዙልን ደስ ይለናል፤ ለርእሰ መምህራችንም ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርበናል።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ማጠቢያ ካለ እጣቢ አለ። የቡና እጣቢ ውሃ ስኳርና ዝልግልግ የተሸከመ ስለ ሆነ ወንዝ ውስጥ ሲገባ እየበሰበሰ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ከዚያው ወንዝ ታች እኅቶቻችን ልብስ ያጥባሉ፥ ውሃም ይቀዳሉ። ከማጠቢያ በታች ያለውን ውሃ መመልከት ቁም ነገር መሆኑን ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አስረዱ። ብዙ ሰው አይቶ ያለፈውን ነው ቆመው የተመለከቱት። ስለዚህ እኛም ለትንሿ መኪናችን ከአትክልቱ ቦታ ዳር ጉድጓድ ቈፍረናል፤ እጣቢው ወደ ወንዝ አይሄድም፥ ልጣጩም ከከብት አዛባ ጋራ ተቀላቅሎ ለጎመኑ ፍግ ይሆናል።

አሁን መኪናዋ ከእጅ ሥራው ክፍል በስተጀርባ ከዋርካው ሥር ቆማለች። ትናንት ማታ የተለቀመ ሁለት ቁና ቀይ እሸት አዘጋጅተናል፤ ውሃውንም የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ቀድተዋል። ከዚህ እንደ ወጣን እናዞራታለን። አባባም መጥተዋል፤ የመጀመሪያውን ዙር የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ማዞር የምትፈልጉ ወላጆች እጅጌያችሁን ሰብስቡ፤ ነጭ የለበሳችሁም ከፊት በኩል አትቁሙ፥ ጭማቂው ይረጫል።