የሚመግል ጆሮ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም



የዛሬው ርዕሳችን የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። ልጅ ጉንፋን ይይዘዋል፤ ሌሊቱን «ጆሮዬን» እያለ ያለቅሳል፤ ሲነጋ ትራሱ ላይ መግል ይታያል፤ ሕመሙም ጋብ ይላል። ቤተሰብ «ፈነዳ፣ ተገላገለ» ይላል። የፈነዳው ግን የጆሮው ታምቡር ነው። ቶሎ ከታከመ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲፈስ ከቆየ ግን ሥር የሰደደ በሽታ ሆኗል።

ቅዱስ ቁርኣን መስማትንና ማየትን አብሮ ሲያነሳ በብዙ ቦታ መስማትን ያስቀድማል። ልጆቻችን ኡስታዙ ፊት ተቀምጠው ፋቲሓን የሚይዙት በጆሯቸው ነው። አጥርቶ የማይሰማ ልጅ ግን «ሰነፍ፣ እልኸኛ» እየተባለ ይገረፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 ከመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ይገልጻል።

ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ለምን በአንድ ሐኪም ይታያሉ? ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አለ። በሕፃናት ላይ ይህ ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ የጉንፋን ተሕዋስ በቀላሉ ይሻገራል። ሕዝባችን «ከአንገት በላይ ሐኪም» የሚለው ባለሙያ ሦስቱንም አያይዞ ይመረምራል። በየካ ክፍለ ከተማ ወሰንን በመሰሉ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ሥር ባሉ ሰፈሮች ብርዱ ሲበረታ በር ዘግቶ በማገዶ ማብሰል ይዘወተራል። ጭሱ የልጆችን አፍንጫና ጆሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሕፃኑን ከምድጃው አርቁት፤ ጡጦ በጀርባው አስተኝታችሁ አታጥቡት፤ ክትባቱንም አስጨርሱት። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት ከጆሮ ኢንፌክሽንም በከፊል ይከላከላል።

እናቶችና አባቶች! በሚፈስ ጆሮ ውስጥ የሞቀ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ ወይም የእናት ጡት ወተት አትጨምሩ። ኩክ ለማውጣት ብላችሁ ክብሪት እንጨትና የጸጉር መርፌ አታስገቡ። ባቄላ ወይም ሽምብራ ከገባበትም ውኃ አትጨምሩ፤ ውስጥ ሆኖ ያብጣል።

ስለ እንጥልም እንናገር። ልጅ ባሳለው ቁጥር «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ በምላጭ ማስቆረጥ ደም በማፍሰስና በመመረዝ ሕይወት ያጠፋል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥን ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች መካከል ጠቅሶታል። ጉሮሮው የታመመ ልጅ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ችላ የተባለ የቶንሲል ሕመም በኋላ ልብን ሊጎዳ ይችላልና።

ወሰን ያለ ቤተሰብ በመጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ችግሩ ከበድ ካለ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ወዳለባቸው እንደ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ወዳሉ ሆስፒታሎች ሪፈር ይጻፍለታል። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ ወይም ትኩሳትና ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከያዘው ግን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። መግሉ አጥንቱን በልቶ ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላል።

ሐኪሙ ጆሮውን አጽድቶ ጠብታ ያዛል። ቀዳዳው አልዘጋ ካለ፣ ከጆሮ በላይ ካለው ጡንቻ ላይ ስስ ሽፋን ወስዶ በማይክሮስኮፕ እያየ ታምቡሩን ይጥፈዋል። እስኪድን ድረስ ውኃ አይግባበት። «ውዱእስ?» ለምትሉ፣ ጆሮ በእርጥብ ጣት ይታበሳል እንጂ ውኃ አይፈስበትም። ገላ ሲታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ይደረግበታል፤ ስለ ትጥበቱ ድንጋጌ ዓሊሞችን ጠይቁ።

ይህ ሙያ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ10ኛው መቶ ዘመን የአንደሉሱ ሐኪም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው መጽሐፉ ምላስን ተጭኖ ቶንሲልን በመንጠቆ ስቦ ስለ ማውጣትና ጆሮ ውስጥ የገባን ነገር ስለ ማስወጣት ጽፏል። በ12ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ኢብኑ ዙህር የአየር ቧንቧ ተቀዶ መዳን እንደሚችል በፍየል ላይ ሞክሮ አሳይቷል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አስተምረውናል። ዱዓእ እናደርጋለን፤ ሐኪምም ዘንድ እንሄዳለን፤ ሁለቱ አይጣሉም። ልጅ አማና ነው፤ ጆሮውም የአማናው አካል ነው። ዛሬ ቤታችሁ ጆሮው የሚፈስ ልጅ ካለ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።