ለጉጌ ጉዞ የትኛውን መጽሐፍ እንግዛ?



የጉዞ መጽሐፍ ሲገዛ እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ መጀመሪያ የማየው የታተመበትን ዓመት ነው። የፊሊፕ ብሪግስ የኢትዮጵያ መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። ርካሽ ሆኖ የሚገኘው የድሮው ቅጂ ነው። አገሩን ያሳውቃል፤ የመኪናና የማደሪያ ዋጋው ግን አይሠራም። በእሱ በጀት ከያዝን የሚጎድለው ከቁጠባችን ነው፤ ከፋዮቹም እኛው ነን።

ሌላው "ሰመር" የሚለው ቃል ነው። ለፈረንጅ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ነው፤ እኛ ጋ ክረምት፣ ጨንቻ ላይ ደግሞ ጭጋግና ጭቃ! ስለዚህ ወሩን እዩ።

ከፍታውንም ሳትረሱ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ጨንቻ ወደ 2,700። በጠዋት መኪና ወጥታ በዚያው ቀን ወደ ጉጌ ሽቅብ የምትል ሴት ራሷን ሊያማት ይችላል። ዶርዜ ወይም ጨንቻ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል። ስለ ከፍታ የማይመክር መጽሐፍ ስዕሉ ቢያምርም አልገዛውም።

ለሁላችን አንድ አዲስ ቅጂ ይበቃል። የተረፈውን ለአካባቢው መንገድ መሪ እንያዝ፤ ዝናብ የቆረጠውን መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው።