ጥቂት ገንዘብ ያለው ነጋዴ ዕቃውን እንዴት ያቅርብ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ አይደለም። እነርሱ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅላቸውም፣ ሲጎድልባቸው የሚያበድራቸውም አያጡም። እኛ የምንናገረው ስለ ባልትና ሻጭዋ፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ጫማ ሠሪው፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስኳርና ሳሙና ስለሚቸረችረው ሰው ነው። ጉዳዩ እኛን ተማሪዎቹንም በቀጥታ ይነካል። ዲግሪ የያዘ ሁሉ የመንግሥት ወንበር የሚጠብቀው ዘመን አልፏልና፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ከእነዚህ እንግዶቻችን ጎን ሱቅ ከፍተን የምንቀመጥ ነን። ስለዚህ ይህ ንግግር ለእነርሱ ምክር ብቻ ሳይሆን ለእኛም ስንቅ ይሁነን።

ጥያቄያችን ይህ ነው። የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ዕቃ ተገዝቶ፣ በእጅ የቀረችው ገንዘብ ጥቂት ስትሆን፣ በምን ላይ ብትውል ገዢ ታመጣለች? በታፔላ ላይ? በከረጢት ላይ? በሚዛን ላይ? ወይስ በማስታወቂያ ላይ?

በመጀመሪያ ቦታን እንመልከት። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ጊዜ ነው ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው። መርካቶ ውስጥ ሸማ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ፣ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ የፈለገ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ተራው ራሱ ታፔላ ነው። በዚያ የተቀመጠ ነጋዴ ምን እንደሚሸጥ ለማስታወቅ ገንዘብ ቢያፈስ በከንቱ ነው፤ የእርሱ ችግር ሃያ ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ በተቀመጠበት ገዢው ለምን ወደ እርሱ እንደሚመለስ ማሳየቱ ነው። በመንደር ውስጥ ብቻውን ሱቅ የከፈተው ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ አላፊ አግዳሚው በውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ለዚህኛው ታፔላ ያስፈልገዋል። ታፔላውም ከሩቅ የሚነበብ፣ የሚሸጠውን በግልጽ የሚናገር፣ ገዢዎቹ በሚያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ይሁን። ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ በሆነች ሱቅ ላይ «ኢንተርናሽናል» ብሎ መጻፍ ለባለቤቱ ደስታ ይሰጥ ይሆናል፤ ጨው ፍለጋ የወጣችውን እናት ግን ጨው መኖሩን አይነግራትም።

በሁለተኛ ደረጃ የምናነሣው የመታመን ነገር ነው። ለማስረዳት ያህል አንዲት ባልትና ሻጭ እናስብ። በርበሬዋ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በእንጀራ ጀሶ፣ በበርበሬ ቀይ አፈር ተቀላቅሎ ሲሸጥ መያዙን በየጊዜው በዜና የሰማ ገዢ እርስዋንም በጥርጣሬ ዓይን ያያታል። የአጭበርባሪው ዕዳ በንጹሕዋ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ታዲያ ይህች ሴት ጥቂት ብርዋን በምን ላይ ታውጣ? አንዳንድ ወዳጆችዋ በወርቅማ ቀለም የደመቀ ከረጢት አሳትሚ ይሏታል። እኛ በበኩላችን እንደዚህ አንልም። ገዢው የሚፈራው ያላየውን ነውና፣ ገንዘቡ ለማሳየት ይዋል። ከረጢቱ ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ በላዩ ላይ የተፈጨበት ቀን፣ ክብደቱ፣ ከምን ከምን እንደተሠራና የሻጭዋ ስልክ ይጻፍበት። ዛላ በርበሬውን በእንቅብ አድርጋ ከዱቄቱ ጎን ብታስቀምጥ ገዢው ቀለሙንና ሽታውን ራሱ ያመሳክራል። ከረጢቱን ግን ፀሐይ ላይ አትደርድረው፤ በርበሬ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይለቃል፣ ያን ጊዜ ንጹሑ ዕቃ የተበላሸ መስሎ ይታያል።

የሚዛኑም ፊት ወደ ገዢው ይዙር። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። አገራችን ምርቃት የሚባል መልካም ልማድ አላት። ሻጭ መስፈሪያውን ሞልቶ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ይጨምራል፤ ገዢም ይህን አይረሳም። ከሚዛን ሰርቆ ያንኑ መልሶ ምርቃት ብሎ የሚሰጥ ግን አንድ ቀን ይደረስበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሦስተኛው የዋጋ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያዝዛል። ብዙ ነጋዴዎች ግን «ዋጋ ከለጠፍን ጎረቤት አይቶ ይቀንስብናል፤ ደግሞስ ሳይከራከር የሚገዛ ማን አለ?» ይላሉ። ጎረቤትዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ ልጁን ልኮ ያስጠይቃል። ዋጋ ባለመለጠፉ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው፤ በኪሱ ያለው አይበቃኝ ይሆናል ብሎ ለመጠየቅ ያፈረ ገዢ። እኛ ተማሪዎች ይህን ሰው በደንብ እናውቀዋለን። በየሱቁ ደጃፍ ቆመን አይተን፣ ሳንጠይቅ የምናልፍ እኛው ነንና።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የብዙ ዕቃ ዋጋ ተለዋውጧል። ስለዚህ ዋጋ በውድ ወረቀት ማሳተም አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። ዋጋ መጨመር ግድ ሲሆን ለደንበኛ አስቀድሞ ምክንያቱን መንገር ይገባል። ዋጋውን ሳይነኩ ዳቦውን በድብቅ ማሳነስ ግን ደንበኛን እንደ ሞኝ መቍጠር ነው። ጭማሪው ዛሬ ያስከፋዋል፤ ማታለሉ ግን ለዘለዓለም ያርቀዋል።

አራተኛው ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በንግድም ስም ሀብት ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገ። ቡናው ከዚያ በፊትም ያው ቡና ነበር። ክርክሩ የተነሣው በከረጢቱ ላይ ስለሚጻፈው ቃልና ከዚያ ቃል ስለሚገኘው ጥቅም ነው። እንግዲህ ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ያህል የሚሟገቱበትን ነገር የእኛ ልብስ ሰፊ በሰፋው ኮት ውስጥ ስሙን ሳይጽፍ መስደዱ ምንኛ ያስቈጫል!

ሌላም ምሳሌ አለን። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ የማያውቅ የለም፤ የድኃ ጫማ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ቤተልሔም ጥላሁን በፈረንጆች 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን ሥራ ስትጀምር ያንኑ የጎማ ሶል ከእጅ ሽመና ጋር አዋሕዳ፣ በጥንቃቄ አሠርታ፣ ታሪኩን ሳትደብቅ ለዓለም ገበያ አቀረበችው። ጎማነቱን አልሸሸገችም፤ ይልቁንም መኩሪያ አደረገችው። ከዚህ የምንማረው መልካም አቀራረብ ዕቃን ሌላ ማስመሰል ሳይሆን በዕቃው ውስጥ ያለውን መልካም ነገር ገልጦ ማሳየት መሆኑን ነው።

ስለ ስልክ ማስታወቂያ በአጭሩ እንናገራለን። በቴሌግራምና በፌስቡክ ዕቃን ማሳየት ወጪው ትንሽ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፉ የራስ ዕቃ ፎቶግራፍ ይሁን። ከሌላ አገር የተወሰደ ሥዕል ለጥፎ ሌላ ነገር የሚያስረክብ ነጋዴ አንድ ጊዜ ይሸጣል፣ ሁለተኛ ግን አይሸጥም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውም ልማድ ዋጋ ካለመለጠፍ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ስናጠቃልል፦ መጀመሪያ የታመነ ሚዛን፣ ቀጥሎ የሚነበብ ዋጋ፣ ከዚያ ዕቃውን የሚያሳይ አያያዝ፣ ከዚያ በዕቃው ላይ የተጻፈ ስም፤ ታፔላና ማስታወቂያ ከዚህ በኋላ ይምጡ። ብቻውን ሱቅ ለከፈተው ግን ታፔላው ወደ ፊት ይቅደም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎቹ እንመለስ። በትልቁ መደብር የተለጠፈውን ዋጋ ቃል ሳንተነፍስ ከፍለን እንወጣለን። በጉልት ከተቀመጠችው እናት ዘንድ ስንደርስ ግን በአንድ መደብ ቲማቲም ላይ «የመጨረሻውን ንገሪኝ» እያልን እንከራከራለን። የመደብሩን መስተዋትና መብራት ስናከብር የእርስዋን ላብ ንቀናል ማለት ነው። ነጋዴው በእውነት እንዲያቀርብ የምንጠይቅ ከሆነ፣ በእውነት ያቀረበውን የሚያከብር ገዢ መሆን የእኛ ድርሻ ነው። የንግድና የሒሳብ ትምህርት የምትማሩ ጓደኞቻችንም በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎረቤት ሱቆች ወጥታችሁ የዋጋ ሰሌዳ በመጻፍና የገቢና ወጪ መዝገብ በማስተካከል ብትረዱ፣ ከመጽሐፍ የማታገኙትን ትማራላችሁ። ለዚህ ሥራ ስማችሁን የምታስመዘግቡበት ወረቀት በበሩ አጠገብ ተቀምጧል።