እብድ ነው ከማለታችን በፊት
(በትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



ሀገር ፍቅር ቴአትር በቆመበት በአራዳ ያደግን ልጆች ስለ ሆንን፥ ልብ የሚያንጠለጥል ድርሰት እንወዳለን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ሐምሌት» ከዚህ ዐይነቱ አንዱ ነው። አጎት ንጉሡን ወንድሙን ገድሎ ዙፋኑንና ሚስቱን ይወስዳል፤ የሟቹ ልጅ ሐምሌትም ለበቀል ሲል እብድ መስሎ ይታያል። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ይህን አስመሳይ ሲሰልል ይከርማል። አባቷን በሐምሌት እጅ ያጣችው ኦፌልያ ግን በእውነት አእምሮዋ ታውኮ ከወንዝ ወድቃ ትሞታለች።

እኛስ የምናየው የትኛውን ነው? በፒያሳ መንገድ የሚጮኸውን ቆመን እንመለከታለን፤ በጓዳ ዝም ብላ የምትታመመውን እኅታችንን ግን ጎረቤት እንዳይሰማ እንደብቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጠበል እንደምንወስዳት ሁሉ ወደ አማኑኤል ሆስፒታልም እንውሰዳት፤ ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም። የአእምሮ ሕመም የቤተሰብ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ታማሚን ብቻውን መተው ነው።