ቧንቧችንን ከቦይ እናውጣ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቧንቧ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆቻችን የሚጠጡት ውኃ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ታገሡን።

እንደሚታወቀው ለአዲስ አበባ ከተማችን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ውኃ ይመጣል። ለኛ የሚደርሰን በፈረቃ ነው። ውኃ ጠፋ ስንል ቧንቧው ባዶውን ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ውኃ ሲኖር ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ በተቀደደው በኩል ንጹሁ ውኃ ይፈሳል። ሲቋረጥ ግን ቧንቧው ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዚያችው ቀዳዳ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ይገባል። ውኃው ሲመለስ ያንኑ ይዞ ጓዳችን ይደርሳል። ተቅማጥና ታይፎይድ በዚህ መንገድ ሊመጡ ይችላሉ። የተሳበው ወደ ዋናው መስመር ከዘለቀ ደግሞ የአንዱ ቀዳዳ ለጎረቤትም ይተርፋል።

በሰፈራችን ከቆጣሪ ወደ ቤት የሚሄዱ ብዙ ቧንቧዎች በቦዩ ውስጥ ተጋድመዋል። በዚያ ቦይ የምን ፍሳሽ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ብረቱ በእርጥበት ይዝጋል፣ መጋጠሚያው ይላላል። ስለሆነም ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።

እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ውኃ ባለበት ሌሊት ይህን ያድርግ። ሁሉንም መክፈቻ ዝጉ፣ ወደ በርሜልና ወደ ሮቶ የሚገባውንም ጭምር። ከዚያ ቆጣሪውን በባትሪ እዩት። ትንሿ መዘውር ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የሚንጠባጠብ መክፈቻ ካለም ከሥሩ ብርጭቆ አስቀምጡ። ሩብ ሊትሩ በ15 ደቂቃ ከሞላ በቀን 24 ሊትር ነው። በ30 ቀን 720 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 36 ጀሪካን! ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የምታስቀረው አንዲት ትንሽ ጎማ ናት።

ጎማ በርሜል ውስጥ ነክራችሁ አትተዉ፤ ውኃው ሲጠፋ የበርሜሉን መልሶ ይስባል። ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ለጽዳት አድርጉት፤ ከጠረጠራችሁ የሚጠጣውን አፍሉ።

ስለ ሲንክም እናንሳ። የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢና የወጥ ቅባት ወደ ሲንክ አይደፋ። ቅባቱ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አተላው ይጣበቅበታል። ከሲንኩ ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ ውኃ የሚቋጥረው ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ነውና በቀጥታ ቧንቧ አትለውጡት። ከተደፈነ ከሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ ፈትታችሁ እጠቡት። አሲድ አታፍስሱበት። አፍስሳችሁ ከሆነም ለሚመጣው ሠራተኛ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እጁንና ዓይኑን ያቃጥለዋል።

የቧንቧ ሠራተኛ በእርጥብ ጉድጓድ ተንበርክኮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ዋጋውን ከሥራው በፊት ተስማሙ፣ ሲጨርስም ሳታመላልሱ ክፈሉት። እናንተም ውኃ ተለቅቆ መጋጠሚያው ሁሉ ሳይታይ አፈር አታስመልሱ። አንዴ ከተቀበረ ዕዳው የባለቤቱ ነው።

ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ካፈሰሰ ለውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን እናመለክታለን እንጂ በራሳችን አንነካውም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የኛው ነው።

በመሆኑም ማኅበሩ ይህን ሐሳብ ያቀርባል። ቧንቧቸው በአንድ ቦይ የሚያልፍ ቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሠራተኛ ያሠሩ፤ ወጪውን ይካፈሉ። ቁፋሮውን ወጣቶች ያግዙ። ለአቅመ ደካሞች መዋጮ ይያዝ፤ የነሱ ቧንቧ ቦይ ውስጥ ከቀረ ሥራው አላለቀምና። ቤታችሁን ፈትሻችሁ በዚህ ሳምንት ውስጥ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። አደራ፣ ክረምቱ ገብቶ ቦዩ ሳይሞላ!