አራዳ ማነው? ፋራስ?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዲስ አበባ ላይ ነቃ ያለ ሰው «አራዳ» ይባላል። ነገሩ ያልገባው ደግሞ «ፋራ» ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ታክሲ ሲሳሳት ይህችን ቃል ሳይሰማ አይመለስም። የሚገርመው፣ «አራዳ» የሰፈር ስም ነው፤ ሰፈሩም የታወቀው በገበያው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገበያው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወሩት፤ ለሰፈሩም ፒያሳ የሚል ስም ትተው ሄዱ። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ ቃሉ ግን አልፈረሰም።

ያን ገበያ ገበያ ያደረገው እህሉን፣ ቅቤውንና ማሩን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ ነው። አሞሌ ጨው ሲሰበር ዋጋው እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። የማርያ ትሬዛ ብርም ምስሉን አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም። ፋራ የተባለው እንግዲህ እሱ ነው!

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዚያው ከተማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ሌላ መለኪያ አብሮ መጣ፤ የፈተና ወረቀት። ዛሬ በዓለም ለሚሠራባቸው የአእምሮ ፈተናዎች መነሻ የሆነውን ያዘጋጁት ፈረንሳውያኑ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን ናቸው፤ በ1905 እ.ኤ.አ.። ዓላማቸው በትምህርት ልዩ እርዳታ የሚሹ ሕፃናትን መለየት ነበር። ቢኔ ራሱ ከአእምሮ ሥራ ሁሉ ዋናው ማስተዋል፣ ነገርን አመዛዝኖ መፍረድ ነው ይል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ቁጥሩን ይዘው ይህን ረሱት።

በላይቤሪያ ተመራማሪዎች ለክፔሌ ገበሬዎች ልዩ ልዩ ዕቃ አቅርበው «አብሮ የሚሄደውን ለዩ» አሏቸው። ገበሬዎቹ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አደረጉ፤ ቢላዋ ብርቱካን ይቆርጣላ! የተፈለገው ምግብ ለብቻ፣ መሣሪያ ለብቻ እንዲሆን ነበር። በመጨረሻ «ሞኝ ሰው ቢሆን እንዴት ይለያል?» ተባሉ። ያን ጊዜ ልክ ፈተናው እንደሚፈልገው ለዩት።

ይህ ሲባል ትምህርት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እህል ነክሶ እርጥበቱን የሚያውቅ አባት የሒሳብ መዝገብ ማንበብ ካልቻለ ገንዘቡ ሲጎድል አያይም። ማኅበር ሁለቱንም ይፈልጋል።

ነገሩ የሚያሳስበው በልጆቹ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል የአርሶ አደር ልጆች ሞልተዋል። በየቀበሌው «የወደቀ» ተብለው ተቀምጠዋል፤ የወደቁት ግን በወረቀቱ ነው፣ በሚዛኑና በመጋዘኑ ማን ፈተናቸው?

እንግዲህ ማኅበራት ለሚዛንና ለመጋዘን ሰው ሲቀጥሩ ከውጤት ወረቀቱ ጎን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ጎረቤትህ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ እህል ያለበት ጆንያ ቢያመጣ ምን ታደርጋለህ? መልሱን የሚያርሙት ደግሞ አባላቱ ይሁኑ።